«ያረጀ ደስታ»፦ የሁለት ቀን ጉዞ የተሸከመው ወዳጅነት

የቆዩ ጓደኞች ቅዳሜና እሑድን ጠብቀው ወደ ተራራ የሚወጡበት ጉዞ በኪነ ጥበብ ዓለም እንደ ቀላል ርእሰ ጉዳይ የሚታይ ነው። የመዝናኛ ፊልም ሠሪው መልክዓ ምድር ለማሳየት፣ የአስፈሪ ፊልም ሠሪው ደግሞ ገጸ ባሕርያቱን ከከተማ አርቆ አንድ በአንድ ለመግደል ይጠቀምበታል። ጉዞው ራሱ፣ ማለትም አንድ ዘመን አብረው ኖረው ኋላ የተለያዩ ሰዎች ለሁለት ቀን እንደገና አንድ መንገድ ላይ ሲገኙ በመካከላቸው የሚሆነው ነገር፣ ለከባድ የጥበብ ሥራ መነሻ ሲሆን የሚታየው ከስንት አንዴ ነው። አሜሪካዊቷ የፊልም አዘጋጅ ኬሊ ራይካርት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2006 ያቀረበችው «ኦልድ ጆይ»፣ በአማርኛ «ያረጀ ደስታ» ሊባል የሚችለው ፊልም፣ ከእነዚህ ጥቂቶች አንዱ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሙ አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ብቻ የሚፈጅ፣ በትንሽ ወጪና በጥቂት ሰዎች የተሠራ ነው። መነሻው የጆናታን ሬይመንድ አጭር ልብ ወለድ ሲሆን ደራሲው ከአዘጋጇ ጋር ሆኖ ለፊልም እንዲመች አድርጎታል። ሁለቱን ጓደኞች ዳንኤል ለንደንና ዊል ኦልድሃም ይጫወቷቸዋል፤ ኦልድሃም ከተዋናይነቱ ይልቅ በዘፋኝነቱ የታወቀ ሰው ነው። ራይካርት የመጀመሪያ ረዥም ፊልሟን ካቀረበችበት ከ1994 ጀምሮ ለአሥራ ሁለት ዓመታት ሁለተኛውን ለመሥራት ሳይሆንላት ቆይታ ነበር። በዚያው በ2006 በሮተርዳም ዓለም አቀፍ የፊልም በዓል ከተሸለሙት አንዱ ይህ ሥራ ሆነ።

ርእሰ ጉዳዩ ግን አዲስ አይደለም። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፍራንቼስኮ ፔትራርካ በ1336 በሚያዝያ ወር፣ በደቡብ ፈረንሳይ የሚገኘውንና ከፍታው ከ1900 ሜትር የሚያልፈውን የቫንቱን ተራራ ስለ መውጣቱ በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ፣ ከአቀበቱ መግለጫ ይልቅ የሚያስገርመው ገና ከቤቱ ሳይነሣ ያደረገው ምርጫ ነው። ማንን ይዞ እንደሚሄድ ሲያስብ ወዳጆቹን አንድ በአንድ ይመዝናል፤ አንዱ ዘገምተኛ፣ ሌላው ችኩል፣ አንዱ ትካዜ የሚያበዛ፣ ሌላው ጨዋታ የሚያበዛ ሆኖበት ሁሉንም ይተዋቸዋል። በቤት ውስጥ የሚቻል ጠባይ በመንገድ ላይ እንደማይቻል ያውቃልና በመጨረሻ ታናሽ ወንድሙን ጌራርዶን ይመርጣል። ምርጫው ብልህነት ነው፤ ነገር ግን ብልህነቱ አንድ ጥያቄ ሳይመለስ እንዲቀር አድርጓል። ከተተዉት ወዳጆች አንዱን ይዞ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ራይካርት የጀመረችው ፔትራርካ ከተወው ቦታ ነው ማለት ይቻላል፤ የእርሷ ሁለት ሰዎች እርስ በርሳቸው ሳይመዛዘኑ፣ በአንድ የስልክ ጥሪ ብቻ፣ ተነሥተው የሄዱ ናቸው።

ታሪኩ በጥቂት ቃላት የሚያልቅ ነው። ማርክ በኦሬጎን ክፍለ ግዛት በፖርትላንድ ከተማ ቤትና ትዳር ይዞ የሚኖር፣ ሚስቱ ታንያ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ በጓሮው ተቀምጦ፣ ዐይኑን ጨፍኖ፣ በተመስጦ ለመርጋት ይሞክራል። ስልክ ይጮኻል፤ ደዋዩ ከርት ነው፤ ቋሚ ቤት የሌለው፣ ከቦታ ቦታ የሚዞር፣ ድንገት መጥቶ ድንገት የሚጠፋ የጥንት ባልንጀራ። በካስኬድ ተራሮች ጫካ ውስጥ አንድ ፍል ውኃ ያውቃል፤ አብረው ሄደው እንዲያድሩ ይፈልጋል። ማርክ ሚስቱን ሳያስፈቅድ ያስፈቅዳል፤ ይኸውም መሄዱን ከወሰነ በኋላ ውሳኔው የእርሷ እንዲመስል አድርጎ ያቀርብላታል፤ እርሷም ይህን ዐውቃ ታዝናለች። ከዚያ በማርክ መኪና፣ ሉሲ ከምትባል ውሻ ጋር ይነሣሉ። (ስሟ ኢትዮጵያዊውን ተመልካች ድንቅነሽን ቢያስታውሰውም፣ ይህችኛዋ የአዘጋጇ የራሷ ውሻ ናት፤ በ2008 ደግሞ በሌላ ፊልም ስሟ በርእሱ ላይ ሊወጣላት በቃ።) መንገዱን ዐውቃለሁ ያለው ከርት መንገዱን ይስታል፤ ሌሊቱን ሰው አሮጌ ሶፋ ከነቆሻሻው በጣለበት የመንገድ ዳር ሜዳ እሳት አንድደው፣ ድንኳን ተክለው ያድራሉ። በማግስቱ ፍል ውኃውን ያገኙታል፤ ይታጠባሉ፤ ይመለሳሉ። ሌላ ምንም አይሆንም።

«ምንም አይሆንም» የሚለው ቃል በዚህ ፊልም ላይ በነቀፌታም በምስጋናም ደጋግሞ ተነግሯል። ነቃፊዎቹ ሴራ የለውም፤ ግጭት የለውም፤ ሁለት ሰዎች መኪና ሲነዱና ዛፍ ሲያዩ የሚያሳይ ነው ይላሉ። ይህ አስተያየት ከአገራችን የሂስ ልማድም የራቀ አይደለም። ከመድረክ ተውኔት የተወረሰው መመዘኛ ግጭት በቃል ተገልጦ፣ በድምፅ ጎልቶ፣ በመጨረሻም ተፈትቶ እንዲታይ ይጠይቃል፤ ሁለት ገጸ ባሕርያት ካልተፋጠጡ ትግል የለም ይባላል። በ«ያረጀ ደስታ» ውስጥ ግን ትግል አለ፤ ትግሉም ጽኑ ነው። ልዩነቱ አንደኛው ወገን ትግሉ መኖሩን በመካዱ የሚያሸንፍ መሆኑ ላይ ነው።

ይህ በይበልጥ የሚታየው በሌሊቱ የእሳት ዳር ትርኢት ነው። ጓደኞቹ ቢራ ጠጥተዋል፤ የባዶውን ቆርቆሮ በአየር ጠመንጃ እየመቱ ተጫውተዋል፤ ከርት ስለ ሕዋ አንድ የራሱን ፍልስፍና ተርኳል፤ ሕዋ በሙሉ የእንባ ዘለላ ቅርጽ ይዞ ለዘላለም በመውደቅ ላይ ያለ ነው የሚል። ማርክ በትሕትና ያዳምጣል። ከዚያ በኋላ፣ ያለ ምንም መንደርደሪያ፣ ከርት ወዳጁ እንደናፈቀው ይነግረዋል፤ በመካከላቸው አንድ ነገር እንደ ገባ፣ ያ ነገር እንዳስጠላውና እንዲወገድለት እንደሚሻ ይናገራል። በፊልሙ ውስጥ በግልጽ የተነገረ እውነት ይኸው አንዱ ብቻ ነው። የማርክ መልስ ምንድን ነው? ምንም የገባ ነገር የለም፤ ደኅና ነን፤ ይላል። ድምፁ የለዘበ ነው፤ ፊቱ ደግ ነው፤ ክፋት የለበትም። ወዲያው ከርት ራሱ ቃሉን ያጥፋል፤ የቀባጠርኩት ነው፤ እርሳው ይላል።

በዚህ ቦታ ተመልካች የሚያየው ጭካኔ ከጥፊ የሚብስ ነው። ሁለቱ ቢጣሉ ኖሮ፣ ማርክ አንተ የትም የማትደርስ ዋልጌ ሆነሃል ቢለው፣ ከርትም አንተ ደግሞ በትዳርና በደመወዝ ታስረህ ሞተሃል ብሎ ቢመልስለት ኖሮ፣ ከጥሉ በኋላ ዕርቅ ይቻል ነበር። በአገራችን ዕርቅ የሚጀምረው የተበደለው በደሉን ሲናገርና ሽማግሌ ሲሰማው ነው፤ በደል የለም ከተባለ ሽማግሌው የሚይዘው ነገር የለም። ማርክ በደሉን ሳይሆን የበደሉን መኖር ስለሚክድ ወዳጁን ያለ ዳኛ ያስቀረዋል። ዳንኤል ለንደን ይህን ክህደት የሚጫወተው በፍጹም ቁጥብነት ነው፤ እሳቱን ያያል፣ በጥቂቱ ፈገግ ይላል፣ ከዚያ በላይ አይንቀሳቀስም። ብዙ ተዋንያን እዚህ ላይ የሐፍረት ምልክት ለማሳየት ይፈተኑ ነበር። እርሱ ግን ማርክ ለራሱም ውሸታም መስሎ እንዳይታየው አድርጎ ስለሚጫወተው ትርኢቱ ከማዘን ይልቅ ያሳስባል።

የአማርኛ አንባቢ እንዲህ ያለ ምልልስ ሲያጋጥመው ሰምና ወርቅ ብሎ ሊያልፈው ይችላል። ማነጻጸሪያው ግን በትክክል አይገጥምም። በቅኔ ባለቅኔው ወርቁን ዐውቆ ነው በሰም የሚሸፍነው፤ አድማጩም ፈትቶ ደስ ይለዋል። ማርክና ከርት ስለ ቆየ የሸክላ መሸጫ መዘጋት፣ በቦታውም የጭማቂ ቤት ስለ መከፈቱ ሲነጋገሩ፣ ከቃላቸው በታች ያለው ነገር ለራሳቸውም የተከደነ ነው። ሱቁ ወጣትነታቸው መሆኑን ተመልካች ያውቃል፤ እነርሱ የሚያውቁት ሱቁ መዘጋቱን ብቻ ነው።

የግጭቱ ሥር ምን እንደ ሆነ ፊልሙ በአንድ ቃል አይናገርም፤ ነገር ግን በየቦታው የሚታይ ነው፤ ጊዜ ነው። ማርክ ጊዜው የተለካ ሰው ነው፤ በጉዞው መካከል ስልኩ ይጮኻል፤ መቼ እንደሚመለስ መናገር አለበት፤ ልጁ የሚወለድበት ወራትም እየቀረበ ነው። ከርት በአንጻሩ ጊዜ እንጂ ሌላ ሀብት የለውም። ቅዳሜና እሑድ ለአንዱ ዕረፍት፣ ለሌላው ከሰኞና ከማክሰኞ የማይለይ ተራ ቀን ነው። የሁለት ቀን የሳምንት ዕረፍት ከተፈጥሮ የተገኘ ሳይሆን የደመወዝ ሥራ ልጅ መሆኑን ማስታወስ እዚህ ላይ ይጠቅማል። በአሜሪካ ሄንሪ ፎርድ በፋብሪካዎቹ የአምስት ቀን ሥራን በ1926 ያስገባ ሲሆን፣ አገሪቱ የሥራ ሰዓትን የሚወስን የፌዴራል ሕግ ያወጣችው በ1938 ነበር። ከዚያ ወዲህ ወዳጅነት፣ ፍቅር፣ ጫካና ተራራ ሁሉ በዚሁ የሁለት ቀን ሣጥን ውስጥ እንዲገቡ ተፈርዶባቸዋል። ትናንት በየዕለቱ አብሮ በመብላት፣ አብሮ በመሥራት፣ አብሮ በመሰላቸት የቆመ ወዳጅነት ዛሬ ከዓርብ ማታ እስከ እሑድ ማታ ባለው ጊዜ ውስጥ ሙሉ ሆኖ እንዲመለስ ይጠየቃል። ራይካርት ጉዞውን የምታሳየው በዚህ የሰዓት ቆጠራ ውስጥ ነው፤ መንገድ የመሳታቸው ክብደትም ከዚህ የመጣ ነው። ከርት መንገዱን ሲስት የጠፋው ከጠቅላላው ግማሹ ነው።

የመኪናው ራዲዮም ለዚሁ ሐሳብ ያገለግላል። ማርክ ብቻውን ሲነዳ፣ ሲሄድም ሲመለስም፣ በወቅቱ በነበረው የፕሬዚዳንት ቡሽ አስተዳደር የተናደዱ የተራማጅ ወገን ተከራካሪዎችን ያዳምጣል። የሚያደርገው ነገር የለም፤ ያዳምጣል ብቻ። አንዳንድ ሐያስያን ይህን የፊልሙ የፖለቲካ መልእክት ነው ብለው በአድናቆት ተቀብለውታል። ይሁን እንጂ ራዲዮው ከመልእክትነት ይልቅ ጠባይን ለመግለጽ የገባ ነው ብሎ ማየት ይሻላል። በአገሩ ሁኔታ ላይ ሌሎች ሲቆጡለት የሚሰማ ሰው፣ በአጠገቡ የተቀመጠው ወዳጁ ሲናገረው ግን ምንም የለም ብሎ ይመልሳል። ጥቂት የበዛው ግን የራዲዮው ርዝመት ነው፤ በመጀመሪያው ጊዜ የተያዘው ነጥብ ሲደጋገም ትምህርት መስጠት ይጀምራል።

ከተማው አልቆ ጫካው ሲጀምር የፊልሙ እጅ ይለወጣል። በአሥራ ስድስት ሚሊሜትር ፊልም የተቀረጸው ምስል የኦሬጎንን ጫካ እንደ ፖስታ ካርድ አያስጌጠውም፤ አረንጓዴው ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሽበት የበዛበት ነው። የዮ ላ ቴንጎ ቡድን የጊታር ሙዚቃ የሚገባው ሰዎቹ ዝም ሲሉ ነው፤ ሲናገሩ ይወጣል። ውሻዋ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሮጠች፣ በትር እየተወረወረላት፣ በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ስትለካ ትውላለች። ይህ ቀላል የሚመስል ዘዴ ከብዙ ምልልስ የሚሻል ነው፤ ሁለቱ ሰዎች እርስ በርስ ማየት ሲከብዳቸው ሁለቱም ውሻዋን ያያሉ።

ባግቢ የሚባለው ፍል ውኃ ከፖርትላንድ በስተ ደቡብ ምሥራቅ በሁድ ተራራ ብሔራዊ ደን ውስጥ የሚገኝ እውነተኛ ቦታ ነው። ከመኪና መቆሚያው ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ያህል በእግር ይኬዳል፤ ውኃው ከምንጩ በቦይ እየወረደ ከግንድ በተፈለፈሉ ገንዳዎች ውስጥ ይሞላል። ኢትዮጵያዊ ተመልካች ይህን ትርኢት ለማየት ማብራሪያ አያስፈልገውም። አዲስ አበባ ራሷ በፍል ውኃ ዙሪያ የተቆረቆረች ናትና፣ ሰው ሕመሙንና ድካሙን ይዞ ወደ ሙቅ ውኃ ሲወርድ ከገላው ሌላ የሚያራግፈው ነገር እንዳለ ከጥንት የታወቀ ነው። ራይካርትም ጊዜውን አልነፈገችውም። ውኃው ሲንቆረቆር፣ ባልዲ ሲሞላ፣ እንፋሎት ሲነሣ፣ ቀንድ አውጣ ግንድ ላይ ሲሄድ ይታያል። ከርት በገንዳው ውስጥ ተጋድሞ ያየውን ሕልም ይተርካል፤ በሕልሙ አንዲት ሴት ታጽናናዋለች፤ ሐዘን ሌላ ነገር ሳይሆን በአገልግሎት ብዛት ያለቀ ደስታ እንደ ሆነ ታስረዳዋለች። የፊልሙ ርእስ የተወሰደው ከዚህ ነው።

ይህ ሐሳብ እንደ ፍልስፍና ቢመዘን ብዙ የማይጸና ነው፤ ሐዘን ሁሉ ከደስታ አይወለድም፤ ደስታ ያላየ ሰውም ያዝናል። ሌሊት ስለ እንባ ቅርጽ የተነገረው ተረትም ቀን ለሚነገረው ለዚህ ሕልም አስቀድሞ የተዘረጋ ምንጣፍ መሆኑ ትንሽ ያስታውቃል። የሚያድነው የኦልድሃም አነጋገር ነው። ሰውዬው ሕልሙን የሚናገረው ጥበብ እንደሚያካፍል ሰው ሳይሆን፣ ባለፈው ሌሊት በግልጽ ተናግሮ ያልተቀበሉትን ነገር አሁን በሌላ በር ለማስገባት እንደሚሞክር ሰው ነው። ዳግመኛ ናፍቀኸኛል ማለት አይችልም፤ ስለዚህ ሕልም ይተርካል።

ከዚያ የሚመጣው ትርኢት ብዙ አከራክሯል። ከርት ከገንዳው ተነሥቶ የማርክን ትከሻ ያሻል። ማርክ በመጀመሪያ ይደነግጣል፤ ሰውነቱ ይጠነክራል፤ ተው ሊለውም ይሞክራል፤ ቀስ በቀስ ግን ይለቀቃል፤ የጋብቻ ቀለበት ያለበት እጁም ወደ ውኃው ይሰጥማል። ይህን የተሸሸገ ፍትወት ነው ብለው የተረጐሙት አሉ፤ ፊልሙም ትርጓሜውን አይከለክልም። ነገር ግን በዚህ ብቻ መወሰን ትርኢቱን ያጠበዋል። ወንዶች ወንዶችን በማይነኩበት ኅብረተሰብ ውስጥ መነካት ራሱ እንደ ስድብ ወይም እንደ ጥያቄ ይቆጠራል። ሁለት ጓደኛሞች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአደባባይ መሄዳቸውን እንደ ተራ ነገር ለሚያይ ተመልካች፣ የማርክ ድንጋጤ ከከርት ድርጊት ይልቅ የሚያስገርም ሆኖ ይገኛል። ፍርሃቱ ስለ ሰውነቱ ብቻ አይደለም። በቃል የካደውን ቅርበት ሰውነቱ እንዳያምንበት ይፈራል። ቀለበቱ ሲሰጥም መታየቱ ግን አላስፈላጊ ነበር፤ እጁ ብቻ በበቃ።

የፊልሙ ትልቁ ጉድለት ታንያ ናት። ጉዞው የሚጀምረው በእርሷ ኪሣራ ነው፤ ነፍሰ ጡር ሆና ቤት የምትቀር፣ ስልክ የምትደውል፣ የምትቈጣ ሴት ተደርጋ ተሥላለች። ራይካርት በሌሎች ሥራዎቿ ለሴቶች ገጸ ባሕርያት ያላትን ጥንቃቄ የሚያውቅ ተመልካች እዚህ ላይ ይደነቃል። የወንዶቹ ወዳጅነት የሚያሳዝነው ሚስት የምታስር፣ ጫካ የሚፈታ ከሆነ፣ ነገሩ ያረጀ ተረት ይሆናል። ምናልባት በመጀመሪያው የቤት ውስጥ ትርኢት ላይ አንድ ደቂቃ ቢጨመርላት፣ እርሷም ከማርክ ጋር ያላት ወዳጅነት በዚያው «ምንም የለም» በሚለው መልስ እየተበላ መሆኑ በታየ ነበር፤ ምልክቱ አለ፤ አልተስፋፋም።

በተራራ ላይ ስላለ ወዳጅነት ከዚህ በኋላ ከቀረቡት ፊልሞች ጋር ማነጻጸር ፍርዱን ያጠራዋል። ጣሊያናዊው ፓኦሎ ኮኜቲ በ2016 ያሳተመው «ስምንቱ ተራሮች» የተባለው ልብ ወለድ በ2017 የስትሬጋን ሽልማት አግኝቷል፤ ቤልጂጋውያኑ ፌሊክስ ቫን ኽሩኒንገንና ሻርሎት ቫንደርሜርሽ ወደ ፊልም ለውጠውት በ2022 በካን የዳኞች ሽልማት ከሁለቱ ተካፋዮች አንዱ ሆኗል። በዚያ ታሪክ የከተማው ልጅ ፒዬትሮና የተራራው ልጅ ብሩኖ ከረዥም መለያየት በኋላ ሲገናኙ አንድ የፈረሰ ቤት በከፍታ ቦታ ላይ ድንጋይ በድንጋይ አንድ በጋ ሙሉ ይሠራሉ። ፊልሙ ሰፊ፣ ውብ፣ አንዳንዴም በውበቱ የሚመካ ነው፤ ነገር ግን ራይካርት ያልሰጠችውን አንድ ነገር ይሰጣል፤ ወዳጆች አብረው የሚሠሩት ሥራ። ፒዬትሮና ብሩኖ ስለ ስሜታቸው ብዙ አይነጋገሩም፤ ግድግዳው ይናገርላቸዋል። ማርክና ከርት የሚያነሡት ድንጋይ የላቸውም። አብረው የሚያደርጉት ነገር መዝናናት ብቻ ስለ ሆነ፣ መዝናናት ሳይሆን ሲቀር የሚይዙት ነገር ያጣሉ። ይህ የ«ያረጀ ደስታ» ጉድለት ሳይሆን ግኝቱ ነው፤ የተሸለመውና ሰፊው ፊልም መጽናኛውን ያገኘው ተራራውን ወደ ሥራ ቦታ በመለወጡ ሲሆን፣ ትንሹ ፊልም ግን አብዛኞቹ የከተማ ሰዎች ወደ ተራራ የሚሄዱበትን ትክክለኛ ሁኔታ ሳይለውጥ አሳይቷል።

መመለሻው አጭር ነው። ጫካው አልቆ፣ ጨለማው ወርዶ፣ የከተማው መብራት ይመጣል፤ በመኪናው ውስጥ ምንም አይነገርም ማለት ይቻላል። ማርክ ከርትን አድርሶት ሲሰነባበቱ ሁለቱም በቅርቡ እንገናኝ የሚል ሰው ፊት አላቸው። መኪናው ሲርቅ ራዲዮው ይከፈታል። ራይካርት ፊልሙን እዚህ ላይ ብትጨርሰው የማርክ ታሪክ በሆነ ነበር፤ ከመጀመሪያው ጀምሮ ተመልካች በእርሱ በኩል ሆኖ ሲያይ ቆይቷልና። እርሷ ግን ካሜራውን ወደ ከርት ትመልሳለች። ከርት በሌሊት በፖርትላንድ ጎዳና ብቻውን ይታያል። ለአንድ ለማኝ ጥቂት ሳንቲም ይሰጣል፤ ጥቂት ይራመዳል፤ ይቆማል፤ ወዲያና ወዲህ ያያል፤ የሚሄድበት ያለው አይመስልም። በጫካው ውስጥ መንገድ የጠፋበት ሰው አሁን በሚያውቀው ከተማ፣ በመብራት ሥር፣ እንደዚያው ሆኗል፤ ማርክ ደግሞ በዚህ ሰዓት ቤቱ ደርሶ ታንያ ጉዞው እንዴት ነበር ብላ ጠይቃው ይሆናል።